ለትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ የትኛው ሚሞሪ፣ የትኛው ኢርፎን? (ለበገና ልምምድ ነው)

የበገናው_ተማሪ · ሰኞ ምሽት 2፡10

ሰላም ቤተሰብ። አክስቴ ከቨርጂኒያ ስትመጣ ልጇ ትቷት የነበረች አንዲት ትንሽ የሙዚቃ ማጫወቻ ይዛልኝ መጥታለች። ሳንሳ ክሊፕ ፕላስ ትባላለች። ከክብሪት ሳጥን ብዙም አትበልጥም፤ ከጀርባዋ ኪስ ላይ የምትቆነጠጥበት መያዣ፣ ከጎኗ ደግሞ የማይክሮ ኤስዲ ቀዳዳ አላት። እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2009 የወጣች አሮጊት ብትሆንም ባትሪዋ እስካሁን አላሳፈረኝም።

"ስልክ እያለህ?" እንዳትሉኝ። በገና መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። መምህራችን ሲያስተምሩ በስልክ እንድንቀዳ ይፈቅዱልናል። ቤት ገብቼ ቅጂውን ከፍቼ ልለማመድ ስል ግን ቴሌግራሙ ይጮሃል፣ እሱን አየት ሳደርግ ሌላው ይመጣል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ በገናው ግድግዳ ተደግፎ እኔ ቪዲዮ ላይ ነኝ። ይቺ ግን ከማጫወት ሌላ የምታውቀው ነገር የለም። ተስማማችኝ።

የቸገረኝ ሁለት ነገር ነው። ሱቅ ያለው ልጅ "128 ጊጋ ውሰድ፣ ክላስ 10 ነው፣ 4ኬ ቪዲዮ ይቀዳል" አለኝ፤ ዋጋውም ከ32ቱ ብዙ አይርቅም። ልውሰደው? ኢርፎኑ ደግሞ፣ ከስልኬ ጋር በመጣው ስሰማ የበገናው ወፍራም ድምፅ የት እንደሚገባ አላውቅም፣ የንብ ቀፎ ነው የሚመስለው። ለሁለቱም 2,500 ብር ይዣለሁ።

ዘፈን_ጫኙ · ሰኞ ምሽት 2፡31

128 ጊጋ ምን ልታደርግበት ነው፣ መርካቶን ከነተሳቢው ልትጭንበት?

ስድስት ዓመት ዘፈን ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰው ሚሞሪውን ይዞ ይመጣል፣ "ከድሮውም ከአዲሱም ቀላቅለህ ሙላልኝ" ይላል፣ እሞላለታለሁ። በዓመቱ ይመለሳል። ያንኑ 8 ጊጋ ሰምቶ ሳይጨርስ! አብዛኛው ሰው ደጋግሞ የሚሰማው ሠላሳ ዘፈን ነው።

ደግሞ ልንገርህ፤ ቁጥሩ ትልቅ፣ ዋጋው ትንሽ ሲሆን ራቅ በል። ከ32ቱ "ብዙ አይርቅም" ያልካት ነገር አልጣመችኝም።

ፋት32 · ሰኞ ምሽት 3፡05

ዘፈን_ጫኙ ልክ ነው። እኔ ምክንያቱን ልጨምር።

ድምፅ ለማጫወት የሚሞሪ ፍጥነት ከቁጥር አይገባም። ጥሩ የሚባለው ኤምፒ3፣ ባለ 320 ኪሎቢቱ፣ በሴኮንድ 40 ኪሎባይት ነው የሚፈልገው። ምንም ያልታመቀ የሲዲ ድምፅ እንኳ 176 ኪሎባይት ገደማ ነው። ክላስ 10 ማለት ደግሞ ቢያንስ በሴኮንድ 10 ሜጋባይት የሚጽፍ ማለት ነው፤ ከሲዲው በ50 እጥፍ ይበልጣል። ካርዱ ላይ የምታያቸው ዩ1፣ ዩ3፣ ቪ30 የሚሉት ለቪዲዮ ቀራጭ የተጻፉ ናቸው። ኤ1 እና ኤ2 ሚሞሪ ላይ አፕ ለሚጭን የስልክ ባለቤት ነው። አንተ ፍጥነቱን የምታየው ከኮምፒውተር ስትገለብጥ ብቻ ነው። በ10 ሜጋባይት ሒሳብ 32 ጊጋ ለመሙላት አንድ ሰዓት አይፈጅም፤ ቡና አፍልተህ እስክትጠጣ ያልቅልሃል፣ ሦስተኛው ሳይደርስ።

ስለ መጠኑ፦ የአንድ ሰዓት ትምህርት በ128 ኪሎቢት 58 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። 32 ጊጋ ላይ ከ500 ሰዓት በላይ ትምህርት ይገባል። መምህርህ በሳምንት ሁለት ሰዓት ቢያስተምሩህ ስንት ዓመት እንደሆነ አንተው አስላው።

ከሁሉ በላይ ግን ማጫወቻህ ራሷ የተሠራችው እስከ 32 ጊጋ ላለው፣ ኤስዲኤችሲ ለሚባለው ዓይነት ነው። ከ32 በላይ ያለው ኤስዲኤክስሲ ይባላል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ ኤክስፋት በሚባል አደራደር ተፎርማቶ ስለሚመጣ እሷ አታውቀውም። ፋት32 በሚባለው በቀድሞው አደራደር እንደገና ፎርማት ስታደርገው ብዙ ጊዜ ታነበዋለች፤ የተለመደው የዊንዶውስ ፎርማት መስኮት ግን ከ32 ጊጋ በላይ ፋት32 የሚል ምርጫ አይሰጥህም፣ ሌላ ፕሮግራም መፈለግ አለብህ። ፋይሉ በበዛ ቁጥር ደግሞ ስትከፍታት "ዝርዝሩን እያደስኩ ነው" ብላ ታስጠብቅሃለች። ለምን ራስህን ታደክማለህ?

32 ጊጋ ገዝተህ ኮምፒውተሩ 29.8 ቢልህ አትደንግጥ፤ ማንም አልሸረፈብህም። ፋብሪካው በ1,000 እያባዛ ይቆጥራል፣ ኮምፒውተሩ በ1,024።

ካሴት_ዘመን · ሰኞ ምሽት 3፡40

ልጆቼ፣ እኛ 60 ደቂቃ የሚል ካሴት ገዝተን፣ አንዱ ዘፈን መሐሉ ላይ ሲቆረጥ አገላብጠን እንጨርስ ነበር። ሪባኑ ሲጠላለፍ በቢክ እስክሪብቶ እናጠነጥናለን። 500 ሰዓት! ዕድሜ ሰጥቶኝ ይኼንን ሰማሁ።

ለተማሪው፣ በርታ ልጄ። በገና ትዕግሥት ይፈልጋል።

ኦሪጅናል_ሚሞሪ_አለ · ሰኞ ምሽት 3፡52

*[ይህ መልእክት በአስተዳዳሪው ተነሥቷል። እባካችሁ ስልክ ቁጥር አትለጥፉ፣ ሽያጭ በሽያጭ ክፍል።]*

ሚክሰር_ላይ_ያለሁት · ማክሰኞ ጠዋት 1፡15

ስለ ኢርፎኑ እኔ ልመልስ፤ የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ላይ ድምፅ የማስተካክል ነኝ፣ በገና ማይክ ላይ ስንት ጊዜ እንዳስቸገረኝ እግዜር ይወቀው።

በመጀመሪያ "ወፍራሙ ድምፅ ጠፋ" ያልከው የኢርፎኑ ጥፋት ላይሆን ይችላል። ጆሮ ውስጥ የሚገባ ዓይነት ከሆነ ላስቲኩ ጆሮህን ካልደፈነ ባሱ በክፍተቱ ሾልኮ ይወጣል። ሞክረው፤ እያዳመጥክ ሁለቱንም በጣትህ ቀስ ብለህ ወደ ውስጥ ገፋ አድርግ። ባሱ ድንገት ከመጣ የጎደለህ ኢርፎን ሳይሆን ልክህ የሆነ ላስቲክ ነው። ከኢርፎን ጋር ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ሦስት ጥንድ ይሰጣል፤ ሰው ግን የተገጠመለትን መካከለኛውን አድርጎ ሌላውን ከነፌስታሉ ይጥላል። ግራና ቀኝ ጆሮህ ራሱ እኩል ላይሆኑ ይችላሉ። እኔ ግራዬ ትልቁን፣ ቀኜ መካከለኛውን ነው የሚወስደው።

አሁን ወደ በገናው። ያ "ነዝ ነዝ" የሚለው ድምፅ ከየት እንደሚመጣ መምህርህ ነግረውህ ይሆናል፤ ጅማቱ ድልድዩ ላይ በሚያርፍበት ቦታ የምትገባው ቁራጭ ቆዳ ናት። ጅማቱ ሲርገበገብ ቆዳዋን ይነካካታል፣ ከዚያ ከመሠረቱ ድምፅ በላይ ብዙ ቀጫጭን ድምፆች ይወለዳሉ። ንብ የሚመስልህ እነሱ ናቸው። መጥፎ ኢርፎን መሠረቱን ይጥልና እነሱን ብቻ ያሰማሃል። የሚገርመው መሠረቱ ጠፍቶም ዜማውን አትስትም፤ አእምሯችን ከላይኞቹ ድምፆች ተነሥቶ የጎደለውን ታችኛውን ራሱ ይሞላዋል። በትንሽዬ የስልክ ስፒከር በገና ሰምተን ዜማውን የምንለየው ለዚህ ነው። ለልምምድ ግን ይህ አይበቃህም፤ ጅማትህን ከመምህርህ ጋር ልታስማማ ነው የምትሰማው፣ መሠረቱ ራሱ በጆሮህ መምጣት አለበት።

ሱቅ ስትሄድ ታዲያ ሻጩ በሚከፍትልህ ዱም ዱም የሚል ዘፈን አትፈትን። በዚያ ዘፈን የማያምር ኢርፎን የለም። የራስህን ማጫወቻ ይዘህ ሂድ፣ በራስህ ቅጂ ፈትን። አንድ በገና፣ አንድ ከበሮና ጸናጽል ያለበት ወረብ፣ አንድ ማሲንቆ ይበቃሃል። ከበሮው ሲመታ ድምፁ ቶሎ ይቆማል ወይስ እንደ ባዶ በርሜል ይጎተታል? ጸናጽሉ ብረት ነው የሚመስለው ወይስ የተከደነ ድስት ውስጥ እንዳለ አሸዋ? ማሲንቆው ጆሮህን ይወጋሃል? ሦስቱን ካለፈ ግዛው።

ቁጥር ካስፈለገህ ኦሙ፣ ማለትም ኢርፎኑ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም፣ ከ16 እስከ 32 ይሁን። ትንሽ ማጫወቻ ይህንን ያለ ችግር ትነዳለች። የስቱዲዮ ሄድፎን አምጥተህ ብትሰካባት ግን ድምፁ ሊያንስብህ ይችላል። "ሊያንስ ይችላል" ያልኩት በምክንያት ነው፣ ኦሙ ብቻውን አይናገርም። ኮስ ፖርታ ፕሮ የሚባለው፣ ከ1984 ጀምሮ መልኩ ሳይቀየር የሚሸጠው፣ 60 ኦም ነው፤ ግን በትንሽ ጉልበት ብዙ ድምፅ ስለሚሰጥ እንዲህ ባሉ ማጫወቻዎች ጥሩ ይጮሃል። አክስትህ ሌላ ጊዜ ሲመጡ "ምን ላምጣልህ" ካሉህ አስታውሰው። ክፍት ነው ግን፤ ታክሲ ውስጥ የረዳቱም ድምፅ ይገባል፣ የአንተም በገና ለጎረቤትህ ይሰማል።

የበገናው_ተማሪ · ማክሰኞ ጠዋት 1፡50

ጋሼ ሚክሰር፣ በጣቴ ገፋሁት። መጣ! አምስት ወር ሙሉ ስልኩን ስረግም ነበር። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ችግሩ ላስቲኩ የለኝም፣ ከነፌስታሉ ከጣሉት ነኝ።

የጎንደሯ · ማክሰኞ ቀን 7፡20

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥባችሁ። እኔ ዱባይ ነኝ፣ በሥራ። እናቴ ጎንደር ናት፤ ባለፈው ሚሞሪ የሚያጫውት ትንሽ ሬዲዮ ገዝቼ ላኩላት፣ መዝሙርና ስብከት ትሰማበታለች። 64 ጊጋ ሞልቼ በሰው ላኩ፣ ሬዲዮው አላነበበውም። ከዚያ በፊት በነበረው ትንሽ ሚሞሪ ደግሞ የየዕለቱን ጸሎት ከሰኞ እስከ እሑድ በስም አስተካክዬ ጭኜላት ነበር፤ እሱ ግን ማክሰኞን ዘሎ ዓርብን ያመጣባታል። እማዬ "ሬዲዮው ቀን አያውቅም" ብላ ተቀይማዋለች። ምን ላድርግ?

ፋት32 · ማክሰኞ ቀን 7፡45

እህቴ፣ የመጀመሪያው ከላይ ያልኩት ነገር ነው። እነዚያ ሬዲዮዎች ብዙዎቹ ከፋት32 ሌላ አያውቁም። 32 ጊጋ ወይም ከዚያ በታች ላኪላቸው፣ ለስብከትና ለመዝሙር ተርፎ ይቀራል።

ሁለተኛው ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። ርካሽ ማጫወቻዎች ፋይሉን በስሙ ቅደም ተከተል አያጫውቱም፤ ሚሞሪው ላይ በተጻፈበት ተራ ነው የሚያጫውቱት። አንቺ ሰባቱን አንድ ላይ መርጠሽ ስትጎትቺ ኮምፒውተሩ በፈለገው ተራ ይጽፋቸዋል፤ ስምሽ የቱንም ያህል ቢያምር ሬዲዮው አያየውም። ስለዚህ ሚሞሪውን ፎርማት አድርጊ። ከዚያ ሰኞን ብቻ ገልብጪ፣ ሲጨርስ ማክሰኞን፣ እንዲያ እያልሽ አንድ በአንድ። በፎልደርም ቢሆን ፎልደሮቹን በዚያው ተራ ፍጠሪ። መሐል ላይ አንዱን አጥፍተሽ ሌላ ብትጨምሪበት አዲሱ በጠፋው ቦታ ሊገባ ይችላል፣ ተራው እንደገና ይበላሻል፤ ያኔ ከመጀመሪያው መጀመር ነው።

ዘፈን_ጫኙ · ማክሰኞ ቀን 8፡02

እኔ ደግሞ ለእናቶች ስጭን የማደርገውን ልንገርሽ። በሰባት ትንንሽ ሚሞሪ ለየብቻ እንድጭንላቸው የጠየቁኝ እናት ነበሩ፣ የየቀኑን በየራሱ፤ እያንዳንዱን በመሐረባቸው ጫፍ ቋጥረው። መጀመሪያ ሳቅኩ፣ በኋላ ሳስበው ከኔ ዘዴ የእሳቸው ይሻላል። ግን የጥፍር ታህል ነገር ናት፣ ወለል ላይ ከወደቀች አታገኚያትም፤ መሐረብ እንኳ ካልሆነ አዳፕተሩ ውስጥ አስቀምጪላቸው። የአዳፕተሩ ጎን ላይ ያለችውን መቆለፊያ ወደ ታች ብትገፊያት ደግሞ ኮምፒውተር ላይ ሰው ሳያስበው እንዳያጠፋባቸው ትከላከላለች።

የጎንደሯ · ማክሰኞ ማታ 4፡30

ተባረኩ። ዓርብ የሚሄድ ሰው አለ፣ እሰጠዋለሁ። 16 ጊጋ ገዛሁ፣ አንድ በአንድ እየገለበጥኩ ነው።

የበገናው_ተማሪ · ረቡዕ ምሽት 1፡05

እንዳትሰድቡኝ።

እኔ እናንተን ከመጠየቄ በፊት፣ ሰኞ ከሰዓት በኋላውኑ 128ቱን ገዝቼ ነበር። አፈርኩ፣ ዝም አልኩ። ዘመዴ ባገኘው ፕሮግራም በፋት32 ፎርማት አደረገልኝ፣ ማጫወቻዋም አነበበችው። ደስ ብሎኝ 40 ጊጋ ያህል ጫንኩበት፣ የዘመዴን ሙሉ የዘፈን ክምችት። የትምህርቱን ቅጂዎችም በመጨረሻ ላይ ጨመርኩ። ዛሬ ልለማመድ ስከፍት ስማቸው አለ፣ ድምፅ ግን የለም። አንዱን ስከፍት ዝም። ሌላውን ስከፍት ጭርርር ይልና ወደሚቀጥለው ይዘላል። መጀመሪያ የጫንኳቸው ዘፈኖች ይሠራሉ። ማጫወቻዋ ናት ወይስ ሚሞሪው?

ዘፈን_ጫኙ · ረቡዕ ምሽት 1፡09

ኧረ በእናትህ! ፌክ ነው። ቅጂዎቹ ስልክህ ላይ አሉ አይደል?

የበገናው_ተማሪ · ረቡዕ ምሽት 1፡12

ቦታ እንዲለቅልኝ ብዬ "ከት" ነበር ያደረግኩት።

ፋት32 · ረቡዕ ምሽት 1፡30

በመጀመሪያ እዚያ ሚሞሪ ላይ ምንም አትጻፍ፣ ስልክህም ላይ አዲስ ቪዲዮ አትቅዳ። ቀጥሎ አብረውህ የሚማሩ ልጆች ካሉ ዛሬውኑ ደውልላቸው። ከሚሞሪው የሚመለስ ነገር ይኖራል ብለህ ግን ብዙ አትጠብቅ፤ ለምን እንደሆነ ልንገርህ።

የዚህ ዓይነት ሚሞሪ ውስጡ ያለው ቺፕ ምናልባት 8 ጊጋ ነው። ተቆጣጣሪው ግን "128 ነኝ" ብሎ እንዲዋሽ ተደርጓል። ኮምፒውተሩ ያምነዋል፣ ምክንያቱም መጠኑን የሚጠይቀው ራሱን ሚሞሪውን ነው። የፋይሎቹ ስምና ዝርዝር የሚጻፈው መጀመሪያው አካባቢ ስለሆነ እውነተኛው ቦታ ላይ ያርፋል፤ ለዚያ ነው ስሙ የሚታይህ። ቺፑ ሲሞላ የሚመጣው ድምፅ ግን ወይ የትም ሳይጻፍ ይቀራል፣ ወይ ዞሮ የቀደመውን ይደርብበታል። ምንም ስህተት ሳያሳይህ! "ተገልብጧል" ነው የሚልህ። ጨለማ ውስጥ በተቀደደ ጆንያ እህል እንደመስፈር በለው፤ ቁናው ይቆጠራል፣ እህሉ የለም።

ስለዚህ አዲስ ሚሞሪ ገዝታችሁ ምንም ሳትጭኑ በፊት ሙሉውን ሞልቶ መልሶ በሚያነብ ፕሮግራም ፈትኑት። ዊንዶውስ ላይ ኤች2ቴስትደብልዩ የሚባል አለ፣ ሊኑክስና ማክ ላይ ኤፍ3። ባዶው ሚሞሪ ላይ እስኪሞላ የሙከራ ፋይል ይጽፋሉ፣ ከዚያ የጻፉትን መልሰው ያነባሉ፤ አንድ ፊደል ከጎደለ ይነግሯችኋል። ለ32 ጊጋ ጽፎ ለማንበብ አንድ ሁለት ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ማሸጊያውን አይታችሁ፣ ጽሑፉ ደበዘዘ አልደበዘዘ ብላችሁ አትፍረዱ። አሁን ማሸጊያው ከኦሪጅናሉ ይበልጥ ያማረ ፌክ አለ።

ዘፈን_ጫኙ · ረቡዕ ምሽት 1፡48

ሻጩ ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዓት አያስቀምጥህም፣ እውነት ነው። እኔም አላስቀምጥም ነበር። ስለዚህ ከመክፈልህ በፊት "ፈትኜ ነገ ባይሠራ ትቀይርልኛለህ?" በለው፤ "አዎ" ካለ ደረሰኙ ላይ መጠኑን ያስጽፍልህ። "ከወጣ አንቀበልም" የሚልህ ሰው ምን እንደሚሸጥ ያውቃል ማለት ነው። የሚያሳዝነው ሻጩም ብዙ ጊዜ ተታሎ የገዛ ነው፤ በካርቶን ነው የሚረከበው፣ አንዱንም አልፈተነም። እኔም አንዴ እንደዚያው ተበልቼ ለደንበኛ ከኪሴ ተክቻለሁ።

የበገናው_ተማሪ · ሐሙስ ጠዋት 2፡20

አብራኝ የምትማር ልጅ ሁሉንም ቴሌግራም ላይ ለራሷ ልካ አስቀምጣው ኖሯል። ራሷ ከቀረችባቸው ሦስት ቀኖች በስተቀር አገኘሁ። ሦስቱ ሄዱ። ከሦስቱ አንዱ መምህሩ ጅማቱን እንዴት እንደሚያስማሙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያሳዩበት ነበር። ምን ብዬ ደግመው ያሳዩኝ እንደምላቸው አላውቅም።

ባለሱቁ ልጅ ጋ ሄድኩ፣ "ከወጣ አንቀበልም" አለኝ። ልክ እንዳልከው፣ በቃሉ።

ካሴት_ዘመን · ሐሙስ ጠዋት 2፡55

ልጄ፣ እውነቱን ንገራቸው። መምህር ደግሞ ለማስተማር አይሰለችም፤ የሚሰለቸው የማይጠይቅ ተማሪ ሲያጋጥመው ነው።

ሚክሰር_ላይ_ያለሁት · ሐሙስ ቀን 6፡10

አይዞህ። አሁን የቀረችህን ብር በጥበብ እንያት። አንድ 32 ጊጋ ከታወቀ ሱቅ፣ ቀሪው ለኢርፎን። ገመዱ ከኢርፎኑ የሚነቀል ቢሆን እመርጥልሃለሁ፤ እኔ ኬዜድ የሚባለውን የቻይና ሥራ ይዣለሁ፣ ገመዱ ሁለት ጊዜ ተበጥሶብኝ ገመዱን ብቻ ቀይሬያለሁ። ውድ አይደለም። ገመዱን በጆሮህ ላይ አዙረህ ወደ ኋላ አውርደው፤ ፊት ለፊት ከለቀቅከው ሸሚዝህን በነካ ቁጥር ኳ ኳ ይልብሃል፣ በበገና መሐል ደግሞ በጣም ያናድዳል።

ማይክ ያለው ኢርፎን ከሆነ ቁልፉ እዚያች ማጫወቻ ላይ አይሠራም፣ ድምፁ ግን ይሠራል። ድንገት ዘማሪው ጠፍቶ አጃቢው ብቻ የቀረ ይመስል ድምፁ ጎድጓዳ ቢሆንብህ መሰኪያው እስከ መጨረሻው አልገባም ወይም ንኪኪው አልገጠመም ማለት ነው። የማይኩን ቁልፍ ተጭነህ ያዘው፤ ዘማሪው ከተመለሰ ምክንያቱ እሱ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር፣ ሽማግሌ አትበሉኝ። ድምፁን ቀንሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚያስቀምጠው መጠን 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው። 3 ዴሲቤል በጨመርክ ቁጥር ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፤ 83 ላይ 20 ሰዓት፣ 86 ላይ 10። ላስቲኩ ጆሮህን በደንብ ከደፈነ የታክሲውን ጫጫታ ስለሚቀንስልህ ድምፁን መጨመር ራሱ አያስፈልግህም። እኔ ሚክሰር ላይ ሃያ ዓመት አሳልፌ ቀኝ ጆሮዬ ማታ ማታ ጺጥ ይላል። መንገድ ስትሻገር ግን አውጣው፣ መኪናውንም ነው የሚደፍነው።

ፋት32 · ሐሙስ ቀን 6፡25

ከቴሌግራም የወረደው ፋይል ኦጂጂ ወይም ኤም4ኤ ሊሆን ይችላል። ማጫወቻዋ እምቢ ካለች በኮምፒውተር ወደ ኤምፒ3 ቀይረው፣ 128 ለንግግርና ለአንድ መሣሪያ ይበቃል። ወደ 320 ብትቀይረው ግን የጠፋው አይመለስም፤ ፋይሉ ይወፍራል እንጂ ድምፁ አይወፍርም። የፋይሉንም ስም በቁጥር ጀምረው፦ 01፣ 02፣ 03። የአማርኛ ፊደል እዚያች ስክሪን ላይ ሳጥን ሳጥን ሊሆንብህ ይችላል።

እና "ኮፒ" በል፣ "ከት" አትበል።

የጎንደሯ · እሑድ ማታ 3፡15

ሚሞሪው ደረሰ! እማዬ ደወለች። እሑድን ነው መጀመሪያ የከፈተችው፣ ልትፈትነኝ፤ ሰባተኛው ላይ ስታገኘው "አሁን ቀን ለየ" አለች።

የበገናው_ተማሪ · እሑድ ማታ 3፡50

እንኳን ደስ ያለሽ እህቴ።

የእኔም ተሳካ። 32 ጊጋ፣ ደረሰኝ ላይ አስጽፌ፣ በኤች2ቴስትደብልዩ ሌሊቱን ፈትኜ፣ አንድም ስህተት የለበትም። ኢርፎኑን በወረቡ ፈተንኩት፤ ሻጩ ጸናጽል ሲሰማ "ይሄ ደግሞ ምን ዓይነት ሳውንድ ቼክ ነው" ብሎ ሳቀብኝ። ግራዬ ትንሹን ላስቲክ፣ ቀኜ መካከለኛውን ነው የወሰደው።

መምህሩን ነገርኳቸው። የማስማማቱን ትምህርት ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ ደገሙልኝ፤ ይሄኛው በማጫወቻዋ በራሷ ማይክ ነው የተቀዳው። አሁን እየሰማሁት ነው። ከታች ያለው ጅማት ሲመጣ ደረቴ ላይ ነው የሚሰማኝ። ከኋላቸው ዶሮ ይጮሃል፣ መቋሚያ ወለል ሲነካ አለ፣ እሳቸው ጅማት ከመንካታቸው በፊት ትንፋሽ ይወስዳሉ። አምስት ወር ፊት ለፊታቸው ተቀምጬ ያንን ትንፋሽ ሰምቼው አላውቅም።

አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ። የዚህች ማጫወቻ የቻርጅ ገመድ ሚኒ ዩኤስቢ የሚባለው አሮጌው ነው፤ አክስቴ ያመጣችው መላላት ጀምሯል። የት ይገኛል?

ዘፈን_ጫኙ · እሑድ ማታ 4፡05

የድሮ ፎቶ ካሜራ ያለው ዘመድ ፈልግ፣ ገመዱ ያው ነው። ካጣህ ና፣ ሳጥኔ ውስጥ ሦስት አለኝ። አንዱ ይሠራል።